እንቁላል በእግሩ

አኩሪ አተር ይፈላል ሱምበርጃቲ መንደር፣
አይብ ሊሆን ይረጋል በየጭስ ቤቱ ዳር።
ማገዶው ግን እንጨት፣ ኩበትም አይደለም፤
ከማንም ማሳ ላይ ከቶ አልበቀለም፤
የዳቦ ከረጢት፣ የሳሙና ጠርሙስ፣
ባሕር አቋርጦ በመርከብ የሚደርስ፣
በኪሎ ተሽጦ በአካፋ የሚቀርብ፣
እሳትን አጉርሶ ፈጽሞ የማያጠግብ።

ንጋቲና ሳይነጋ ተነስታ
በሩን ትከፍታለች፣ ዶሮዎቿን ፈትታ።
ዶሮ መቼም ዶሮ ነው፤ አመድ ሲያይ ይጭራል፣
ትሉን ከነጥቀርሻው ለቅሞ ይሰለቅጣል።

እኔ ከብርኖ ነኝ፤ ሥራዬ መለካት፤
በሣጥኔ ያለው በረዶ፣ ፎይል፣ ብልቃጥ።
ስድስት እንቁላል ገዛኋት። ሰባተኛውን ቀቀለች፤
"እንግዳ በባዶ አፉ ከቤቴ አይወጣም" አለች።
ቅርፊቱን ስልጥ፣ የሚባለውን ሁሉ አውቃለሁ።
አስኳሉ ብርቱካን መስሏል። ጨው ነስንሼ በላሁ።
ጣዕምም የለው፣ ሽታም። ስብ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ሰባት ዓመት ከርሞ
ግማሹ ቢለቅም፣ ግማሹ ይተኛል ደግሞ።

ምራቷን ዊጋቲን ከጡቷ ወተት ለመንኳት።
ዞር ብላ ብልቃጡን ሞላች፣ ሕፃኑ አኩርፎ ሲያያት።
"ስሜን አትጽፍም?"
"ስም አንጽፍም እኛ። ቁጥር ነው። አስራ አራት።"

ስወጣ፣ ከማገዶው አናት አንድ ላስቲክ አየሁ፤
ከነስንዴ ሥዕሉ፣ ከነፊደሉ ለየሁ፤
ከቤቴ ደረጃ ሥር ያለው ዳቦ ቤት ነው።
የቅዳሜ ዳቦዬ። ምናልባት
በገዛ እጄ፣ በተፈቀደው በርሜል፣ በንጹሕ ሕሊና የጣልኩት።

የጭስ ቤቱ ጌታ ቺፕቶ፣ ላቡን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣
"እንጨት አስር እጥፍ ነው" አለኝ፤ "ልጆቼንስ ማን አሳደገ?
እናንተ መላክ ተዉና እኔ ማንደድ እተዋለሁ።"
"እሺ" አልኩት፣
መርከቦቹን የማዘው እኔ ይመስል።

ብርኖ ላይ አስኳሉ ደረቀ፤ ስቡ ተለየ፤
በአሲድ ታጠበ፤ በከሰል ዓምድ ውስጥ ዘገየ።
ቤተ ዘመዱ ሁለት መቶ አስር ነው፤ አስራ ሰባቱ ክፉ ናቸው፤
ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ብቅ አሉ በየተራቸው።
ፒኮግራም ይባላል። አንዷን ግራም ለሚሊዮን ከፍለህ፣
የደረሰህን ፍርፋሪ ዳግም ለሚሊዮን ቆርሰህ
የምታገኘው ነው። ከምንም ትንሽ ከፍ ያለ ምንም።
ሰማንያ ሰባት ወጣ። ገደቡ ሁለት ተኩል።
ማሽኑን አጥቤ ደገምኩት፤ ሰማንያ ስድስት ተኩል።

ዝናብ ሲገባ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ።
"ሰማንያ ሰባት?" አለች ንጋቲና። "ከስንት?"
"ከትሪሊዮን።"
"ኤዲያ!" ሳቀች። "ይሄማ ለድንቢጥም አይሆን ራት!"
ዊጋቲ አልሳቀችም።
"አስራ አራትስ?" አለችኝ።
ቁጥሯን አልረሳችም።

ነገርኳት። ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።
"ላጥባው? ልተው?"
"አጥቢው።"
የሐኪሞቹም መልስ ይኸው ነው፤ ከሚጎዳው የሚጠቅመው ይበልጣል።
እውነት ነው። እውነት እየተናገረ ግን ሰው ለምን መሬት ያያል?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።
የእኛው ግን ጫጩት ሳይሆን ተጉዟል፤
ላስቲክ ሆኖ ከደጄ ወጥቶ፣
በጭስ ወርዶ፣ በምንቃር ገብቶ፣
በፎይል ተጠቅልሎ፣ አድራሻውን ሳይስት መጥቶ።

ከስድስቱ አንዱ እስካሁን በረዶ ቤት አለ፣ ተለጥፎበት ቁጥሩ።
ሰባተኛው አልተለካም።
እሱ እኔ ጋ ነው።
ግማሹ እንኳ እስኪወጣ አምስት ዓመት ይቀረዋል።